ቁልቁለቱ ቀድሞ፣ ዳገቱ ኋላ፦ በሰቆጣ ዙሪያ ለመሮጥ

ፈረንሳይ የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፎቶግራፍ ላከልኝ። ሎዋር በተባለው ወንዝ ዳር የሚሄድ ለስላሳ የእግር መንገድ ነው። በግራ ወንዙ፣ በቀኝ የወይን ማሳ ይታያል፤ ከፊት ያለው ዛፍ ግንድ ላይ ነጭና ቀይ ቀለም ተቀብቷል። “ይኼን ቀለም እየተከተልኩ በየእሑዱ 15 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ መንገድ መጥፋት ብሎ ነገር የለም። አንተስ ለመስክ ሥራ ስትዞር ወንዝ ዳር ሮጠህ ታውቃለህ?” ይላል ከፎቶው ጋር የመጣው መልእክት።

ሮጫለሁ። ነገር ግን የእኔ ወንዝ ዳርና የእሱ ወንዝ ዳር አንድ አይደሉም። ልዩነቱን በሁለት መስመር ላስረዳው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይኸው ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ተነሳሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቀለሙ። ፈረንሳዮች ረጃጅም የእግር መንገዶቻቸውን በነጭና በቀይ መስመር ምልክት ያደርጋሉ። ከእነዚህ መንገዶች የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1947፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ይህንኑ የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ ነበር። ዛሬ መንገዶቹ አገሩን እንደ መረብ ሸፍነውታል። አንድ የውጭ አገር ሰው ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ወንዙን በቀኝ ወይም በግራ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መሮጥ ይችላል። መንገዱም ሜዳ ነው። ወንዙ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ዘና ብሎ ይፈሳል፤ ሰዉም ከተማውን የሠራው እዚያው ወንዙ ዳር ነው።

በእኛ አገር ደጋ ነገሩ ይገለበጣል። ሰው የሚኖረው ላይ፣ ወንዙ ያለው ታች ነው። ይህ በተለይ በዋግ ኽምራ ጎልቶ ይታያል። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነስቶ ዋግን በስተምዕራብ እያካለለ ወደ ሰሜን ይወርድና ወደ ሱዳን ታጥፎ ከአትባራ ጋር ሆኖ ዓባይን ያገኛል። ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ወደ እሱ የሚወርዱት ገባሮችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገደል ቆርጠዋል። ቆላው ሞቃትና ወባ ያለበት በመሆኑ የድሮ ሰው ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ከላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማድረጉ አያስገርምም። እናም በዋግ “ወንዝ ዳር ልሩጥ” ያለ ሰው መጀመሪያ መውረድ አለበት፤ ከዚያ፣ እግሩ ከዛለና ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ፣ መውጣት ይጠብቀዋል። ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ዞሮ መውረድ ይችላል። ሸለቆ የገባ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኼው ነው፤ እኔ የተማርኩት ግን ከጽሑፍ አልነበረም።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወደ ሩጫ የገባሁት የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ሐኪም ስላዘዘኝ እንጂ ሜዳሊያ ስላማረኝ አይደለም። እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው ከመስቀል አደባባይ ደረጃ ጀምሬ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. በጀመሩት ታላቁ ሩጫ ላይ በቲሸርት ጎርፍ ውስጥ ተገፍቼ፣ ቀስ በቀስ እንጦጦ ደርሻለሁ። ሰቆጣ የሄድኩት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 2009 እና በነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ የአንድ ፕሮጀክት ሒሳብ ለመመርመር ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የመሮጫ ጫማዬን ይዤ ነበር።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ይህ ከአብዛኛው አዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሄደ ሯጭ ከተማዋ ውስጥ በትንፋሽ በኩል እንግዳ አይሆንም። ታላላቅ አትሌቶቻችን ከአቃቂ አስፋልት እስከ እንጦጦ ጫካ እየተዘዋወሩ የሚለማመዱት ከፍታውን ለማቀያየር ነው። ታች ፍጥነት ይሠራሉ፣ ላይ ጽናት ይገነባሉ። በሰቆጣ ዙሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ማለዳ ማግኘት ይቻላል፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው መንገድ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚወስደውን ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላዎቹ ጋር ሲነጻጸር ጎብኚው ጥቂት ነው። ፊቱ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ግን ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። ውስጡ የዋግ ሹሞች ናቸው የሚባሉ ሳይፈርሱ የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን ተቀምጠዋል። የዋግ ሹም ማለት ቀላል ማዕረግ አልነበረም። ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩ ገዢዎች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሦስት ዓመት ያህል ነግሠዋል። በላብ ጠምቄ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ በራፉ ላይ ስደርስ አንድ ዲያቆን በቁምጣ መግባት እንደማይቻል በትህትና ነገረኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጭን ሱሪና ነጠላ በትንሽ ቦርሳ ይዤ ነው የምሮጠው። እህቶቻችንም ረዘም ያለ ሱሪና ሻሽ ቢይዙ መንገዱ ሁሉ ይቀልላቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ደቡብ፣ በላሊበላ አቅጣጫ የሚወስደው ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። መኪና ያልፍበታል፣ አቧራ አለው፤ ማለዳ ላይ ግን እይታው ሰፊ ነው። እግር ለማፍታታት ይሆናል።

ሦስተኛው ያስተማረኝ ነው። ወደ ሰሜን፣ በአበርገሌ አቅጣጫ ጥቂት በመኪና ተጉዤ ከወረድኩ በኋላ ከዋናው መንገድ የተገነጠለ የአህያ መንገድ ይዤ ወደ አንድ ወንዝ ወረድኩ። መገንጠያው ላይ አንዲት ትልቅ ወይራ ነበረች። ወንዙ እንደ ሌሎቹ ሁሉ መጨረሻው ተከዜ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 188 ሜትር ከፍታው የተከዜ ግድብ ኋላ የተኛውን ሐይቅ ሳይገባ አይቀርም። በሰዓቴ መለኪያ 7 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ከፍታው 500 ሜትር ያህል ቀነሰ። 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሮጬ አላውቅም። እግሬ ራሱ ይሄዳል፣ ነጭ ድንጋይ የተደረደረባቸው እርከኖች በግራና በቀኝ ያልፋሉ፣ ፍየሎች ገደሉ ላይ ተለጥፈዋል። ታች ስደርስ ወንዙ በሚያዝያ ድርቀት ቀጥኖ በድንጋዮቹ መካከል ይሽሎከሎካል። እግሬን ነከርኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ተቀመጥኩ። ስነሳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ነበር።

መመለሻው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወሰደብኝ። ግማሽ ሊትር ውኃ ብቻ ነበር የያዝኩት፤ እሱንም ታች ጨርሼዋለሁ። ዳገቱ መሃል ላይ ራስ ምታት ጀመረኝ፤ ቀጥሎ፣ ከሁሉም ያስፈራኝ፣ ላቤ ቆሞ ብርድ ብርድ አለኝ። በረባሶ የተጫማ አንድ እረኛ ድንጋይ ጥላ ሥር አስቀምጦኝ ከቅሉ ውኃ አጠጣኝ። “ወንድሜ፣ እዚህ አገር ጠዋት ለሚወርድ ሰው ውኃው ለመውጫ ነው” አለኝ። ስሙን ጠይቄ ስልክ ተለዋወጥን።

ምን ተሳሳትኩ? የመጀመሪያው ስህተት ሙቀቱን አለማስላቴ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለ500 ሜትር ብቻ ሦስት ዲግሪ የሚሆን ይጨመራል ማለት ነው። በዚያ ላይ በሸለቆ ውስጥ ነፋስ የለም፣ ጥላ የለም፣ አለቱ የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ይተፋል። ሁሉም በአንድነት የሚመጣው ደግሞ ልክ ዳገቱ ሲጀመር ነው። ሐኪሞች ላብ መቆሙንና ብርድ ብርድ ማለቱን፣ በተለይ መቀባዠር ከታከለበት፣ እንደ አስጊ ምልክት ያዩታል። በዚህ ጊዜ መቆም፣ ጥላ መፈለግ፣ ገላን በውኃ ማቀዝቀዝ እንጂ “ትንሽ ልጨርስ” ማለት የለም። በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውኃ አስልቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ የያዙትንም ከግማሽ በላይ ለዳገቱ ማቆየት ነው። ውኃ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ጨው ይፈልጋል። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፋር በረሃ በአህያና በበቅሎ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ የነበረች ከተማ ናት። እኔ በጨው እጦት ዳገቷ ላይ ተዝለፍልፌ መቀመጤን ሳስብ እስካሁን ያስቀኛል። በሁለተኛው ጉዞዬ ከገበያ በሶ ገዝቼ በዋግ ነጭ ማርና በቁንጥር ጨው በጥብጬ በላስቲክ ጠርሙስ ይዣለሁ። ውጭ አገር ሯጮች በየ20 ደቂቃው የሚመጡት በትንሽ ከረጢት የታሸገ ጣፋጭ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

ሁለተኛው ስህተት ስለ ቁልቁለት የነበረኝ እምነት ነው። ቁልቁለት ለልብና ለሳንባ በእርግጥ ይቀላል፤ ለጭን ግን አይቀልም። ዳገት ስንወጣ ጡንቻው እየተኮማተረ ይገፋናል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን የጭናችን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ይይዘናል። በዚህ መለጠጥ ውስጥ ጥቃቅን የጡንቻ ክሮች ይጎዳሉ። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። እኔም በማግስቱ ከሆቴሌ ሁለተኛ ፎቅ የወረድኩት ወደ ኋላ ዞሬ፣ የደረጃውን ብረት ይዤ ነው። አስተናጋጇ ስታየኝ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ደግነቱ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በአጭር እርምጃ፣ ጉልበትን ጠብ አድርጎ መውረድ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ትልቅ መከላከያ ይሆናል። ዳገቱን መራመድም ነውር አይደለም። በፈረንሳይ ሞንብላን ተራራ ዙሪያ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጡት የዓለም ምርጦች እንኳ ቀጥ ያለውን ዳገት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእግር ይወጡታል።

በነሐሴ 2011 ስመለስ አገሩ ሌላ ነበር። ዋግ ዝናብ የሚያገኘው በአጭሩ ክረምት ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ነጩ ምድር አረንጓዴ ይለብሳል። ልጃገረዶች ለሻደይ ቄጠማቸውን ይዘው በሚጨፍሩበት ሰሞን፣ ነሐሴ 16 አካባቢ፣ ከሮጡ ከበሮው ከመንደር መንደር ይከተላል። ሙቀቱም ይለዝባል። ነገር ግን ክረምት የራሱ አደጋ አለው። በዚያው ወይራ ታጥፌ፣ በዚያው መንገድ ወርጄ፣ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለልኩ ሳለ ከላይ ፉጨት ሰማሁ። ስልክ የተለዋወጥነው እረኛ ነው፤ እንደምመጣ ነግሬው ነበር። “ውጣ! ውጣ! ላይ አገር ሌሊቱን ዘንቧል!” ይላል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ወጣሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው ቀላ፣ ቀጥሎ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ መጣ፣ ቀጥሎ የቆምኩበት ድንጋይ ጠፋ። ድምፁ ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለብጥ ይመስላል።

ደራሽ ውኃ ከሌላው ጎርፍ የሚለየው ዝናቡ እኛ ያለንበት ቦታ ላይ መዝነብ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በዋግ ተዳፋት ላይ አፈሩ ስስ ነው፤ በብዙ ቦታ ታጥቦ አለቱ ወጥቷል። የዘነበው ወደ መሬት ሳይሰርግ ይንሸራተትና ከመቶ ሸንተረር ተሰብስቦ አንዲት ጠባብ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ገበሬው በየዓመቱ የሚሠራው እርከንና ከንክኪ የተከለለው ተራራ ይህን ፍጥነት ለመግታት ነው። ለሯጭ ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ የውኃው ቀለም ድንገት መደፍረስ፣ የሚንሳፈፍ ጭራሮ፣ ከሩቅ የሚመጣ ጉርምርምታ። አንዱ ብቻ ቢታይ ዕቃ ሳይሰበስቡ ሽቅብ መውጣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በክረምት የወንዝ ሆድ ውስጥ አለመሮጥ ነው።

ስለ ሰዉም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሮጥ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በገጠር የሚሮጥ ሰው ግን ወይ እያሳደዱት ነው፣ ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል። አንዲት ውኃ የተሸከመች እናት ከፊት ለፊቷ እየሮጥኩ ስመጣ አይታ ጀሪካኗን ከነውኃው ጥላ “ምን መጣ?” ብላ ጮኸች። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ባየሁ ቁጥር ከሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ሩጫዬን አቆማለሁ፣ እየተራመድኩ “እንደምን አደራችሁ” እላለሁ፣ ካለፍኩ በኋላ እቀጥላለሁ። ሰዓቴ ይበላሻል፤ ይበላሽ።

የመጨረሻውን ጠዋት የሮጥኩት በኮረም መንገድ ነው። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ሰላምታዬን ከተቀበሉ በኋላ ለምን እንደምሮጥ ጠየቁኝ። “ለጤና ነው፣ አባባ” አልኳቸው። ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ “በሰባ ሰባት በዚሁ መንገድ ነው ኮረም የሄድነው። ልጅ አዝለን። ያኔ የሚሮጥ አልነበረም” አሉኝ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ባሰራጨው ዘገባ ዓለም ያየው ያ ረሃብ ነው። የምመልሰው ቃል አጣሁ፤ ይቅርታ ልበል አልበል ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን “ሩጥ ልጄ። ጠግቦ የሚሮጥ ሰው ማየት ደግ ነው” ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባውን ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ብሎ የሰየመው በዚህችው ከተማ ስም ነው። በቢሮ ውስጥ ሰነዱን ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ስሙን ሳየው የሚመጣብኝ የእሳቸው በትር ነው።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ሰቆጣ ደረሰ፤ የአበርገሌ መንገድም የጦር ግንባር ሆነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በቆላዎቹ ወረዳዎች ድርቅ ተከተለ። ስለዚህ ይህን አንብቦ ጫማውን የሚያስር ሰው ካለ አስቀድሞ እዚያው የሚኖር ሰው ይጠይቅ፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነና ከዋናው መንገድ መገንጠል እንደሚያስኬድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጦርነት ባለፈበት ምድር ከተረገጠ መንገድ ውጭ እግር አለማሳረፍ፣ የማያውቁትን ብረት አለመንካት ግድ ነው።

ባለፈው ዓመት ለእረኛው ደወልኩለት። ስልኩ ለረጅም ጊዜ አይሠራም ነበር፤ ያን ቀን ጠራ። በሕይወት አለ። ፍየሎቹ ግማሽ ያህል ቀርተውታል። ስለ ወንዙ ጠየቅኩት፤ አለ አለኝ። ስለ መንገዱ ጠየቅኩት።

“መንገዱስ አለ። ወይራዋ ግን የለችም፤ በጦርነቱ ጊዜ ለማገዶ ተቆርጣለች” አለኝ። “ስትመጣ እንዳትስት፣ በቦታው ድንጋይ ከምሬበታለሁ። ከክምሩ በስተግራ ታጠፍ። ውኃህንም አትርሳ።”